የተከደነ ግቢ

ንግግሩን የሰማችው አንድ ክረምት ላይ ነው። የትኛው ክረምት እንደሆነ ዛሬ ቢጠይቋት አሚናት ለይታ አትናገርም፤ ካገባች በዓመቱ ይሁን በሁለተኛው ተምታቶባታል። ቦታው ግን አልጠፋትም። አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ወደ ላይ ባለች መንደር፣ በባሏ ወላጆች ጎጆ ጓዳ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የሣር ክዳን ዝናቡን ይውጠዋል እንጂ እንደ ቆርቆሮ አያንጫጫም፤ ከግርዶሹ ወዲያ የሚባለው ነገር ሁሉ ጓዳ ድረስ ይሰማል። አንዲት ሴት፣ የባሏ እናት ትሁን ጎረቤት ድምፁ አሁን አይለይላትም፣ "ትንፋሿ እንደ ወናፍ ሆነ እኮ። ፀሐይ ብልጭ ሲል እንኳ በራፍ ላይ ብትቀመጥ ምናለበት?" አለች። መሐል ላይ ስለ ሰው አፍ፣ ስለ ዐይብና ነውር የተባለ ነገር ነበር፤ እሱም ጠፍቷታል። የሽማግሌው አማቷ መልስ ግን ቃል ሳይጎድል እስከ ዛሬ አለ። "ልጄ አደራ ብሎኝ ነው የሄደው። ሲመጣ ራሱ ያውጣት።"

የሚወራላት ዑምኩልሱም ነበረች፤ የባሏ የታላቅ ወንድም ሚስት። ሰውዬው አሰብ ወደብ ሸክም ሊሠራ ሄዶ ነበርና፣ ባሏ ሩቅ የሆነ ሴት ደጅ አትታይም ተብሎ እልፍኝ ውስጥ ዋለች፤ እልፍኝ ውስጥ ከረመች። ሲመጣ ግን የሚያወጣት ሚስት አላገኘም። መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ማንም ግፍ ነው አላለም። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ተባለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ተበተነ። አሚናትም አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ የሙሽራ አፍ የታሰረ ነው፤ ምስሯን ለቀመች። ባሏ ሙሐዲን ያን ቀን በራፉ ላይ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርብ ነበር። ንግግሩን ይስማው አይስማው አታውቅም፤ ጠይቃውም አታውቅ። ከአንድ ሰው ጋር ዕድሜ ልክ ሲኖሩ አንድ የማይጠየቅ ጥያቄ አይጠፋም፤ የእሷ ይሄ ነበር።

ያ ንግግር ዛሬ ጠዋት የመጣባት ከኑርዬ መሰላል ጋር ነው። ኑርዬ ቆርቆሮ የሚመታው ጎረምሳ ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንደ እሱ የሚፈለግ ሰው የለም፤ ያልተበሳ ጣራ የለማ። መሰላሉን ከግድግዳው አስደግፎ ቀና ሲል ፉጨት አወጣ።

"አባባ ሙሐዲን፣ ይሄ ጣራ መሆኑ ቀርቷል እኮ። ወንፊት ነው። ጤፍ ይነፋበታል።"

"ለዚህ አይደል የጠራሁህ? አሮጌውን እያነሳህ አዲሱን ምታ" አለ ሙሐዲን።

"ምን ያህሉን?"

"ሁሉንም።"

ጣራው የቤቱ ጣራ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልደነቀው። የግቢው ጣራ ነው። ቤቱ ልጃቸው ሙነወር ጂዳ ሆኖ በላከው ብር የቆመ የብሎኬት ቤት ነው፤ ፊት ለፊቱ ልብስ የሚሰጣበት፣ ዕቃ የሚታጠብበት፣ ሰው ቁጭ የሚልበት ግቢ ነበረው። ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት፣ ሰው ሁሉ ተስፋው ከፍ ብሎ ሲገነባ፣ ጎረቤታቸው አያሌው ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን አቆመ። መስኮቶቹ የተከፈቱት ወደ ሐይቁ ነው፤ በመስኮቶቹና በሐይቁ መሐል ግን የሙሐዲን ግቢ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ሙነወር መጥቶ ኑርሀያትን አገባ፤ ጫጉላው ሳይደበዝዝ ወደ ጂዳ ተመለሰ። ሙሐዲን ያኔ ፎቁን ቀና ብሎ አየና፣ "የልጄን አደራ ይዤ መንገደኛ ሁሉ ከላይ ቁልቁል እያያት አይሆንም" ብሎ ግቢውን ከግንብ እስከ ግንብ በቆርቆሮ ከደነው። አያሌው ሰምቶ ሳቀ። "አንተ ሰው፣ እኔ ፎቅ የሠራሁት እንግዳዬ ሐይቁን እንዲያይ ነው እንጂ የእናንተን ጀሪካን እንዲቆጥር አይደለም" አለው። ሙሐዲንም አብሮት ሳቀ፤ ቆርቆሮው ግን ተመታ። መሰላሉን የያዘችው አሚናት ነበረች። ማታውኑ ሙነወር በኢሞ ሲደውል፣ "ግቢው ተከድኗል ልጄ፣ ሐሳብ አይግባህ" ያለችውም እሷ ናት። ይህቺ ናት የምትበላት። ሰውዬው ከደነ፤ እሷ ደግሞ የምሥራች ብላ አወራች።

ኑርሀያት የሐይቅ ዳር ልጅ ናት። አባቷ አሳ አስጋሪ ነው፤ እናቷ ዳርቻው ላይ አሳ ጠብሳ ትሸጥ ነበርና ልጅቱ ያደገችው ፊቷን ለፀሐይ፣ እግሯን ለውሃ ሰጥታ ነው። አስሙ ያኔም ነበረባት፤ ግን ክረምት ሲገባ ከጉንፋን ጋር መጥቶ ከጉንፋን ጋር የሚሄድ ቀላል ነገር ነበር። ግቢው ከተከደነ ወዲህ ግን ጉንፋኑ ከወር ወር አልላቀቃት አለ፤ የከሰሉ ጭስም መውጫ አጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ይዞራል። ደሴ ወስደው አሳዩዋት። ሐኪሙ ሁለት ፓፍ አዘዘላት፤ ሰማያዊው ትንፋሽ ሲያጥራት የምትስበው፣ ቡናማው ደግሞ ታመመች አልታመመች በየቀኑ የምትወስደው። የደሟን ውጤት ሲያይም ቫይታሚን ዲዋ እጅግ ዝቅ ብሏል አለ። "የአንቺን ፀሐይ ማን ወሰደው?" ብሎ ቀለደ። ኑርሀያት እግሯን አየች፤ ሙሐዲን ግድግዳውን አየ። ሐኪሙ ቫይታሚኑን ሰውነት ራሱ በቆዳው ከፀሐይ እንደሚሠራው፣ ጉንፋንና ሳል ሲመጣ ለሰውነት መከላከያ እንደሚያግዝ፣ አስም ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጥለውም ጉንፋን መሆኑን በትዕግሥት አስረዳቸው። በሳምንት አንድ የሚዋጥ እንክብል ጻፈ። "ግን አጋዥ ነው" አለ፤ "ፓፉን አይተካም። ትንሽ ትንሽም ፀሐይ ታግኝ።" ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሦስት ነገር ሰሙ። ኑርሀያት ፀሐይ የሚለውን ሰማች። አሚናት ጉንፋን የሚለውን ሰማች። ሙሐዲን እንክብል የሚለውን ሰማ።

ሙነወር ይህን ሲነግሩት ከጂዳ በመንገደኛ አንድ ብልቃጥ ላከ። እንክብሎቹ ማር የመሰሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነበሩ። ሙሐዲን ብልቃጡን ከፍ አድርጎ እያየ፣ "ሱብሐነላህ፣ ፀሐይ በብልቃጥ መጣችልን! ከእንግዲህ ደጅ ምን ያደርግላታል?" አለ። ቡናማው ፓፍ ሲያልቅም ሌላ አልተገዛም። "በየቀኑ የሚሳብ ነገር ሱስ ነው፤ የሰውን ልጅ ሱሰኛ አናድርግ፤ ቫይታሚኑ አለላት" አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ብርቱካን ልጦ የሚሰጣት እሱ ነው፤ ስታስል ቁርኣኑን አጥፎ የሚነሳውም እሱ ነው። አደራ የሚባለው ነገር ግን ደግ ሰውን ይበልጥ ያደነድነዋል። አሚናት ይህን ለራሷ ብላ ታውቃለች፤ አፍ አውጥታ ለእሱ ብላው ግን አታውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ደሴ ተያዘች በተባለበት ሰሞን ቤቱን ቆልፈው፣ ከመኪና መንገድ ርቀው፣ በእግር ወደ አምባሰል፣ ወደ አሚናት ወንድም ቤት ሄዱ። ብልቃጡን አሚናት ጡቷ ሥር ሸጉጣው ነበር፤ ሰማያዊውን ፓፍ ኑርሀያት መቀነቷ ላይ ቋጥራዋለች። የማሽላው አጨዳ ደርሶ ነበርና እንግዳ ነኝ ብሎ የሚቀመጥ አልነበረም። ልጅቱ ስታጭድ ዋለች፣ ስትሸከም ዋለች፣ ከአሚናት ወንድም ልጆች ጋር ስትሳሳቅ ዋለች። ሩቅ ከባድ መሣሪያ ይጮሃል፤ እሷ ያለ ትራስ ተዘርግታ ትተኛለች። ሳልዋን ሳይሰሙ ያደሩበት ጊዜ እየበዛ ሄደ። አሚናት ይህን ያየች ለት፣ በዚያ ሁሉ የሰው ሰቆቃ መሐል ደስ ስላላት አፈረች፤ አሏህን ይቅርታ ለመነች። ሙሐዲንም እንዳየ ታውቃለች። አንድ ቀን ኑርሀያት ክምሩ ላይ ቆማ ለልጆቹ ስትጮህ አሻቅቦ አያትና ወደ ሶላቱ ሄደ።

ሐይቅ ተለቀቀች ሲባል ተመለሱ። የሙሐዲን ሱቅ ተዘርፎ መደርደሪያው እንኳ አልቀረለትም። የግቢው ቆርቆሮ በጥይትና በፍንጣሪ ተበሳስቶ ጠበቃቸው። ጥር ገባ፤ መብራት የለም፣ ስልክ አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም፣ የከሰል ጆንያ ዋጋ ከበፊቱ እጥፍ ደርሷል። ሙሐዲን ከዘመድ ባገኘው ብር መጀመሪያ የገዛው ለሱቁ ስኳርና ሳሙና አልነበረም፤ ለግቢው ቆርቆሮ ነበር።

ኑርሀያት ግን ቀዳዳዎቹን ወዳቸዋለች። ጠዋት ፀሐይ ከግንቡ በላይ ስትወጣ በየቀዳዳው ገብታ ሲሚንቶው ላይ እንደ ሳንቲም ትበተናለች። ልጅቱ በርጩማዋን ይዛ ሳንቲሞቹ ወደ በዙበት ትሄዳለች፤ እነሱ ሲሄዱ እሷም ትከተላለች፤ እጇን ዘርግታ መዳፏ ላይ ታሳርፋቸዋለች።

"እማማ፣ ዛሬ ወደ ጀሪካኑ ዞራለች" አለች አሁን፣ በኑርዬ መሰላል አጠገብ በርጩማዋን እየጎተተች። ድምፅዋ ፉጨት አለበት። "መብራት እስኪመጣ ጥይት አበራልኝ እኮ። ኑርዬ፣ አንዷን ቀዳዳ እንኳ ተውልኝ፤ ጉቦ እሰጥሃለሁ።"

"ምን አለሽና?"

"አሳ እጠብስልሃለሁ። የእናቴን አሳ የበላ ሰው ሚስቱን ያስቀይማል።"

ኑርዬ ሳቀና ወደ ሙሐዲን አየ። ሙሐዲን አልሳቀም፤ ቆርቆሮውን ማቀበል ጀመረ። አሚናት ግን ሳቁን ሳይሆን ሳቁ ያለቀበትን ቦታ ነው የሰማችው። ልጅቱ መሳቅ ጀምራ ትንፋሽ አጥሯት ተወችው። ጎህ ሲቀድም ትንፋሿ በግድግዳው በኩል ሲያፏጭ ሰምታዋለች። ሰማያዊውን ፓፍ አንስታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው፤ ባዶ ነው። ሻርፗን ደርባ፣ "ጤና ጣቢያ ደርሼ ልምጣ" አለች። ባዶውን ፓፍና ብልቃጡን ይዛ ወጣች።

ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ በሩ ተገንጥሎ በሽቦ ታስሯል። የመድኃኒት ክፍሉ መደርደሪያ ባዶውን ነው፤ ከእርዳታ የመጡ ካርቶኖች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። የምትሠራው ነርስ መስኡዳ ትባላለች፤ የራሷ ጠረጴዛ ስለተወሰደ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ትጽፋለች። ተራዋ ሲደርስ አሚናት ባዶውን ፓፍና ብልቃጡን አወጣች።

"እናቴ፣ ቡናማውን የጨረሰችው መቼ ነው?"

"ኧረ ቆየ። ቫይታሚኑ ከመጣ ወዲህ ትተነዋል።"

"ማን ተዉ አላችሁ?"

አሚናት ሻርፗን አስተካከለች። መስኡዳ ብልቃጡን አነሳች። "ይሄንንስ በሳምንት አንድ ነው የምትወስደው?"

"በፊት አዎ። ሰሞኑን ሲብስባት በየቀኑ ሰጠኋት። ፀሐይ በዛበት ተብሎ የሞተ ሰው አለ እንዴ ብዬ።"

"ከሰማይ ያለችው አትበዛም፤ ከብልቃጥ ያለችው ትበዛለች። ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። አሁን ያቁሙት፤ ደሴ ደሟ ይታይና ሐኪም እንደገና ይዘዝላት።" መስኡዳ ድምፅዋን አለሰለሰች። "አብሽሩ፣ አይዞዎት እናቴ፣ ጥቂት ቀን ከሆነ ኢንሻአላህ ምንም አይላትም። እንዴት ልንገርዎት? ቡናማው ፓፍ በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ነው፤ በየቀኑ ካልቆመ ሌባው ይገባል። ሰማያዊው ሌባው ከገባ በኋላ የሚጮሁት ኡኡታ ነው። ቫይታሚኑ ደግሞ የዘበኛው ስንቅ ነው። ስንቅ ብቻውን ዘብ አይቆምም።"

አሚናት ስንቅ የሚለውን በልቧ ያዘች። ከዚያ፣ "አምባሰል ሳለን ግን ዳነች እኮ" አለች።

"እዚያ ግቢው የተከደነ ነበር?"

"የምን ግቢ? ማሳ ላይ ነው የዋለችው።"

"እንግዲህ የታፈነ ጭስ የለም፣ አየር አለ፣ ፀሐይ አለ። የቱ እንደጠቀማት እኔም በእርግጥ አልልዎትም፤ ለአንዱ ብቻ አልሰጠውም።"

"እዚህም ፀሐይ ይገባል። በጥይት ቀዳዳ።"

መስኡዳ ልትስቅ ብላ ሴትዮዋ እየቀለደች እንዳልሆነ አየችና ተወችው። "በቀዳዳ የገባች ፀሐይ ልብ ታሞቅ ይሆናል እናቴ። ለሌላው አትበቃም።" ከካርቶኑ ሰማያዊ ፓፍ አውጥታ ሰጠቻት፤ ቡናማው ደሴ እንጂ እዚህ የለም። ከዚያ ባዶ የውሃ ሃይላንድ አንስታ ቂጡን በምላጭ ቀደደችና የፓፉን አፍ ሰካችበት። "ሲያፍናት በዚህ ትሳበው፤ መድኃኒቱ አፏ ላይ አይቀርም፤ ውስጧ ይገባል።"

ስትመለስ አስፋልቱ ዳር ብዙ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ኔትወርክ መጥቷል ማለት ነው። የእሷም ስልክ ጮኸ። ሙነወር ነበር። መጀመሪያ አለቀሰ፤ ቤተሰቡ ከተመለሰ ወዲህ ድምፃቸውን ገና ሁለተኛ መስማቱ ነው። ከዚያ ስለ ኑርሀያት ጠየቀ፤ እሷም እንደሆነው ነገረችው።

"ፓፉን አቆመች? እማዬ፣ እኔ እኮ እንክብሉን የላክሁት ከፓፉ ጋር እንድትወስደው ነው!"

"ግቢውን ክደኑ ያልክ ለት ነው ነገሩ የተበላሸው ልጄ።"

እስከ ዛሬ ክደን ብሎ አባቱን ያዘዘው እሱ ይመስላት ነበር። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ከጆሮዋ አነሳችው።

"እኔ መቼ ክደኑ አልኩ?" አለ ሙነወር። "ተከድኗል አልሽኝ፤ እሺ አልኩ። አባባ ከፈለገ ምን እላለሁ? እሷም አልከፋትም ብዬ ነው።"

አሚናት ስልኩን ዘግታ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋባት ነው የነቃችው። ለካስ ማንም አላለም። አባትየው ለልጁ ብሎ ከደነ፤ ልጁ ለአባቱ ብሎ ዝም አለ፤ እሷ ለሁለቱም ብላ መሰላል ያዘች። ልጅቱን ግን የጠየቀ የለም። ዑምኩልሱምንስ ቢሆን፣ አሰብ ያለው ባሏ ያን ያህል ደብቁልኝ ብሎ ይሆን? ወይስ እሱም አፈር የገባች የሚስቱን መቃብር አይቶ፣ እኔ መቼ አልኩ፣ ብሎ ይሆን?

ከሩቅ መዶሻው ይሰማል። ግቢው ስትደርስ የምሥራቁ ወገን አልቆ አዲሱ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ ከሥሩ ግን ጨልሟል። አሮጌው ሲነሳ የወረደው ዝገትና አቧራ ሲሚንቶውን አልብሶታል፤ ከሰሉ ላይ የተጣደው ሽሮ ይጨሳል። የቀሩት ሳንቲሞች ወደ አንድ ጥግ ተሰብስበዋል። ኑርሀያት እዚያ ነበረች፤ በርጩማዋ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሙሐዲን ጀርባዋን ያሻል፤ በሌላ እጁ ብልቃጡን የሚፈልግ ይመስል ኪሱን ይዳብሳል።

"አሁን ነው፣ አሁን ድንገት ነው" ይላል።

አሚናት ሮጣ ደረሰች። የልጅቱን ክንድ ይዛ ከጭሱ መሐል አነሳቻት፤ በሩን በእግሯ ገፍታ ወደ መንገዱ አወጣቻት። ሙነወር ከሄደበት ዓመት ወዲህ ሚስቱ በዚህ በር በቀን ብርሃን በእግሯ የወጣችው ለሐኪምና ለስደት ብቻ ነበር። ሰው ቆሞ አየ። ከፎቁ ሰገነት አንድ እንግዳ አጎንብሶ አየ። አሚናት ሃይላንዱን አፏ ላይ ደቅና ፓፉን ተጫነችው፤ "ሳቢ፣ ያዢው፣ ያ ረቢ፣ ሳቢ ልጄ።" ደግማ ተጫነች። አያሌው ከፔንሲዮኑ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ሮጦ መጣና ምንም ሳይናገር አስቀመጣት፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ተሰብሳቢውን፣ "ምን ታያላችሁ? ሰው ስትተነፍስ አይታችሁ አታውቁም?" ብሎ በተነ። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ላላ። የከንፈሯ አመድ ለቀቀ። ፀሐይዋ ሙሉዋን፣ ሳትቆራረስ፣ ፊቷ ላይ ነበረች።

"እማማ" አለች ትንፋሽ ስታገኝ፣ "እዚህ ... ስፋቷ!" ልትስቅ ነበር፤ አሚናት አፏን በመዳፏ ያዘችላት። "ኋላ ትስቂያለሽ።"

ሙሐዲን በሩ ላይ ቆሟል። መዶሻው ቀጥ ብሏል፤ ኑርዬ ከመሰላሉ ላይ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። አሚናት ወደ ባሏ ሄደች። ስትናገር ድምፅዋ የእሷ አልመሰላትም።

"የሙነወር አባት፣ ልጁ ዛሬ ደውሎ ነበር። ክደኑ አላልኩም አለ።"

"ባይልም አደራ አደራ ነው። ለእኔ ትቶልኝ ሄዷል።"

"እንግዲያ ሲመጣ ራሱ ያውጣታ።"

አልጮኸችም። ሙሐዲን ግን በእንጨት እንደተመታ ሰው ወደ ኋላ አለ። በበሩ መቃን ላይ እጁን አሳረፈ። አያሌው እንኳ የሚያደርገው ጠፍቶት የወንበሩን እግር አቃና።

"ሰምተሽ ነበር?" አለ ሙሐዲን በመጨረሻ።

"ጓዳ ነበርኩ። ምስር ስለቅም።"

"የዶማውን እጀታ አበላሸሁት ያን ቀን" አለ ዓይኑን ሳያነሳ። "ጠረብኩት፣ ጠረብኩት፣ ሳላውቀው ጨረስኩት። አባቴ፣ ምን ነካህ ብሎ ቆጣኝ። ተነስቼ አንዲት ቃል ብናገር ይሰማኝ ነበር፤ ይወደኝ ነበር። አልተናገርኩም።" መዳፉን አየው። "አንቺ አልሰማሽም ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።"

"እኔም አንቱ አልሰሙም ብዬ።"

ለዑምኩልሱም ሁለት ሰው ለየብቻው አልቅሶላት ኖሯል፤ አብረው ቢያለቅሱ ምናልባት ቀደም ብለው አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። ይህን አሚናት አሰበችው፤ ማሰቡ ግን የሚመልሰው ነገር የለም። ኑርሀያት ከወንበሩ ላይ ታያቸዋለች፤ ስለማን እንደሚያወሩ አታውቅም።

"አባባ ሙሐዲን፣" አለ ኑርዬ ከላይ፣ "የቀረውን ልምታው ወይስ ልውረድ?"

ሙሐዲን ቀና ብሎ የሚያብረቀርቀውን ቆርቆሮ አየ። ከቆርቆሮው በላይ የአያሌውን ፎቅ አየ፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ።

"አትምታው" አለ። "የመታኸውንም አንሳው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ቤቱ ላይ የተበሳውን ድፈንበት፤ የተረፈውን እሸጠዋለሁ።" ከዚያ ወደ አሚናት ዞረ፤ ድምፁ የተሸነፈ ሰው እንጂ የታረቀ ሰው ድምፅ አልነበረም። "ነገ ደሴ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ያንን በየቀኑ የሚሳበውን እገዛለሁ፤ ደሟንም ይዩላት።"

"ሰውስ ምን ይላል?" አለች አሚናት። መጠየቅ አልነበረባትም፤ ግን ለብዙ ዘመን የኖረ ቃል በአንድ ጊዜ አይወጣም።

ሙሐዲን ወደ ግቢው ገብቶ የኑርሀያትን በርጩማ ከዝገቱ መሐል አነሳ። አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገውና ከልጅቱ ወንበር አጠገብ፣ መንገዱ ዳር አስቀመጠው። ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠበት።

"ጠዋት ጠዋት እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ" አለ። "የሚያይ ካለ ሁለታችንንም ይይ።"